ከተማሪ ዐይን የተሰወረው ድንጋይ
(ስለ አዝቴኮች የድንጋይ ቅርጽና ስለ ካህናቱ ሥራ)

ስለ አዝቴኮች ሲወራ አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን አንድ ነገር ነው፤ ደም። ካህኑ በባልጩት ቢላዋ የሰው ደረት ሲከፍት፣ ልቡን አውጥቶ ለፀሐይ ሲያቀርብ ይታየናል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። ሌላው ወገን ደግሞ በሙዚየም የቆመውን ድንጋይ ያይና «ምን ዓይነት ጥበብ ነው!» ብሎ አድንቆ ያልፋል። አንደኛው ካህኑን አይቶ ድንጋዩን ይስታል፤ ሁለተኛው ድንጋዩን አይቶ ካህኑን ይረሳል። ከነገሩ ሥሩን፣ ከውኃው ጥሩን እንዲሉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ካላየናቸው ነገሩ አይገባንም። የአዝቴክ ድንጋይ የካህኑ መጽሐፍ ነበር፤ ካህኑም የድንጋዩ አንባቢ። ታዲያ አንባቢው በጠፋ ጊዜ መጽሐፉ ምን ሆነ? ማንስ አተረፈው? ይህ አጭር ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አደባባዩ ሲቆፈር

ዘመኑ 1790 ነው። ሜክሲኮ የስፔን ቅኝ ግዛት ናት። የንጉሡ እንደራሴ የከተማዋ ዋና አደባባይ እንዲስተካከልና የውኃ መውረጃ እንዲበጅለት አዝዞ ሠራተኞች ይቆፍራሉ። ኦገስት 13 ቀን ከመሬት ውስጥ አንድ ትልቅ ድንጋይ ብቅ አለ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ነው። ሲያጸዱት የሴት ቅርጽ ሆነ፤ ግን ምን ዓይነት ሴት! አንገቷ ተቆርጧል፤ በራሷ ቦታ ሁለት እባቦች ፊት ለፊት ገጥመው አንድ አስፈሪ ፊት ሠርተዋል። በደረቷ ላይ የሰው እጅና የሰው ልብ እየተፈራረቀ የተሰካበት የአንገት ጌጥ ተንጠልጥሏል፤ ከመካከሉም የራስ ቅል አለ። ጉርዷ የተጠላለፉ እባቦች ነው። እግሯ የአውሬ ጥፍር አለው። ስሟ ኮአትሊኩዌ ነው፤ የእባብ ጉርድ ያላት ማለት ነው። የአማልክት እናት ናት።

የቀኑን ነገር ልብ እንበል። የአዝቴኮች ዋና ከተማ ቴኖችቲትላን በኤርናን ኮርቴስና በአገሬው አጋሮቹ እጅ የወደቀችው ኦገስት 13 ቀን 1521 ነበር። ድንጋይዋ ከተማዋ በወደቀችበት ዕለት፣ በ269ኛው ዓመት ተነሣች።

ወዲያው በዚያው ዓመት ዲሴምበር 17 ቀን ሁለተኛው ድንጋይ ተገኘ፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ «የፀሐይ ድንጋይ» የሚለው፣ ወርዱ 3.6 ሜትር ያህል፣ ክብደቱ 24 ቶን ገደማ የሆነው ክብ ድንጋይ። አንቶኒዮ ዴ ሊዮን ኢ ጋማ የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ ስለ ሁለቱ ድንጋዮች በ1792 መጽሐፍ አሳተመ።

የሁለቱ ዕጣ ግን ለየቅል ነበር። የፀሐይ ድንጋይ የዘመን መቁጠሪያ ነው፣ የዕውቀት ምልክት ነው ተባለና በካቴድራሉ ግንብ ላይ ተለጠፈ፤ እስከ 1885 ድረስም እዚያው ቆየ። ኮአትሊኩዌ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተላከች። ዩኒቨርሲቲው በ1551 በንጉሥ ትእዛዝ የተመሠረተ ነው። እዚያ ምን ሆነች? በ1803 ሜክሲኮ የደረሰው ጀርመናዊ ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እንደ ጻፈው፣ የዶሚኒኮስ ማኅበር መነኮሳት የሆኑት መምህራን ይህችን ጣዖት የአገሩ ወጣቶች እንዲያዩዋት ስላልፈለጉ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ቀበሯት። በዚያው ዘመን የነበረ አንድ ጳጳስ ደግሞ ሌላ ምክንያት ጽፏል፤ የአገሬው ሕንዶች ሻማና አበባ እየያዙ በድብቅ ወደ እርስዋ ይመጡ ጀመር፤ ስለዚህ እንዳይገቡ ተከለከለ፤ እርስዋም ከዐይን እንድትሰወር ተደረገ።

ሁምቦልት ለምኖ ለጥቂት ጊዜ ተቆፍራ ወጣችለት፤ ተመልሳ ተቀበረች። በ1823 አንድ እንግሊዛዊ፣ ዊልያም ቡሎክ፣ እንደገና አስወጥቶ በጀሶ ቅጂዋን ወሰደና በ1824 ለንደን ላይ ለሕዝብ አሳየ። ልብ በሉ፣ ለንደን ላይ በገንዘብ የምትታየው ቅርጽ በገዛ አገሯ ተማሪ እንዳያያት ተሸሽጋ ነበር። እንዴ! መቼም ሰው የማይፈራውን ነገር አይቀብርም። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ድንጋይ ፕሮፌሰርን የሚያስፈራው ምን ይዞ ነው?

የማይታየው ጎን

መልሱን ፍለጋ ከድንጋዩ ሥር እንጀምር፤ ከሥሩ ስል በእርግጥም ከታቹ። የኮአትሊኩዌ እግር መሬት የሚረግጥበት ጎን፣ ማንም ሰው ሊያየው የማይችለው ጎን፣ በሙሉ ተቀርጿል። እዚያ ያለው ምድር ራሷ የሆነችው አምላክ፣ ትላልቴኩትሊ ነው። አዝቴኮች እንደሚያምኑት ምድር አፏን ከፍታ ሙታንን ትውጣለች፤ በየማታው የምትጠልቀውን ፀሐይም ትውጣለች፤ በቆሎውን የምታበቅለውም እርስዋው ናት።

ሊዮን ኢ ጋማ ይህን የታች ቅርጽ ሲያይ ግራ ገባው። ማንም ላያየው ለምን ይለፋበታል? ስለዚህ ሐውልቷ ድሮ በምሰሶዎች ላይ ከፍ ተደርጋ የተቀመጠች፣ ሰውም በሥሯ የሚያልፍ መሆን አለበት ብሎ ገመተ። እርሱ ቅርጽ ለተመልካች የሚሠራ ነው ከሚል ዓለም የመጣ ሰው ነው፤ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው የታች ቅርጽ በዚህች ሐውልት ላይ ብቻ የተገኘ አይደለም። ልብ በሚቀመጥባቸው የድንጋይ ሣጥኖችና ገበታዎች ሥርም የምድር አምላክ ተቀርጿል። የተቀረጸው ለሰው አይደለም፤ ለምድር ነው። ድንጋዩ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ የምድርን ፊት ማድረግ ማለት፣ ነገሩን በቦታው ማሳረፍ፣ ከምድር ጋር ማወቃቀር ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ጸሎት ይባል ወይስ ቅርጻ ቅርጽ? አዝቴኮች ሁለቱን አይለዩም ነበር። ያንን የማይታይ ፊት የት፣ መቼ፣ በየትኛው ምልክት መቅረጽ እንደሚገባ የሚያውቀው ደግሞ ካህኑ ነው።

ካህናቱ እነማን ነበሩ?

ካህን በናዋትል ቋንቋ ትላማካዝኪ ይባላል፤ ሰጪ፣ አቅራቢ እንደ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ካልሜካክ ይባል ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎች የመኳንንት ልጆች ናቸው፤ ቢሆንም ወላጆቹ ለአምላክ የሰጡት የተራ ሰው ልጅም ይገባ ነበር። ኑሮው ቀላል አልነበረም። ገና ሳይነጋ ቤተ መቅደሱን መጥረግ፣ እንጨት መሸከም፣ በእኩለ ሌሊት በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ መጾም፣ እሳቱ እንዳይጠፋ ተራ እየገቡ መጠበቅ። ከዚያም በቃጫ ተክል እሾህ የራስን ጆሮ፣ ምላስና ቅልጥም እየወጉ ደም ማቅረብ። የካህን ሰውነት በጥቀርሻ የጠቆረ፣ ጠጉሩ ያልተቆረጠ፣ ጆሮው በእሾህ የተበሳሳ ነበር። ይህን ሁሉ የምለው ሰው ከማረዳቸው በፊት ከራሳቸው ይጀምሩ እንደ ነበር ለማሳየት ነው።

ትምህርቱስ? መዝሙር፣ የንግግር ጥበብ፣ በሥዕል የተጻፉትን መጻሕፍት ማንበብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዘመን ቁጥር። ሁለት አቆጣጠር ነበራቸው። አንዱ 365 ቀን ነው፤ 18 ወር፣ እያንዳንዱ 20 ቀን፣ ከዚያ 5 ትርፍ ቀን። ሌላው 260 ቀን ያለው የዕጣ ፈንታ አቆጣጠር ነው፤ ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲያገባ፣ ነጋዴ መንገድ ሲጀምር፣ ካህኑ ቀኑን ቆጥሮ ክፉውንና ደጉን ይነግራል። ሁለቱ አቆጣጠሮች በ52 ዓመት አንድ ጊዜ ይገጥማሉ። በዚያች ሌሊት ፀሐይ እንደገና ላትወጣ ትችላለች ተብሎ ይፈራል፤ በአገሩ ሁሉ እሳት ይጠፋል፤ ሕዝቡ የቤት ዕቃውን ሰብሮ በጨለማ ይጠብቃል። ካህናቱ ዊሻችትላን በሚባለው ኮረብታ ላይ ከዋክብትን ይመለከታሉ፤ በተማረከ ሰው ደረት ላይም አዲስ እሳት ይፈትጋሉ። እሳቱ ሲያያዝ ዓለም ለ52 ዓመት ተረፈች ማለት ነው። የመጨረሻው ሥርዓት የተፈጸመው በ1507 ነበር። ያለፉት 52 ዓመታትም እንደ ሸምበቆ እስር ተቆጥረው በድንጋይ ይቀረጹ ነበር፤ እነዚህ የድንጋይ እስሮች ዛሬም አሉ።

የፀሐይ ድንጋይም የሚናገረው ይህንኑ ነው። በመካከሉ ካለው ፊት ዙሪያ አራት ምልክቶች አሉ፤ ከዚህ በፊት ጠፍተዋል የሚባሉት አራት ዓለማት ናቸው፤ አንዱ በጃጓር፣ አንዱ በነፋስ፣ አንዱ በእሳት ዝናብ፣ አንዱ በውኃ የጠፋ። አምስተኛው ዓለም የእነርሱው ነው፤ እርሱም በመሬት መናወጥ ይጠፋል። ለዚህ ዓለም ሲሉ አማልክት ራሳቸውን በእሳት ሠውተዋል፤ ስለዚህ ሰው ባለዕዳ ነው። መሥዋዕትን የሚጠሩበትም ቃል ዕዳ መክፈል ማለት ነበር።

በታላቁ ቤተ መቅደስ ሁለት ሊቃነ ካህናት ነበሩ፤ አንዱ ለጦርነቱ አምላክ ለዊትዚሎፖችትሊ፣ አንዱ ለዝናቡ አምላክ ለትላሎክ፤ በማዕርግ እኩል ናቸው። ቤተ መቅደሱም እንዲሁ በአንድ መሠረት ላይ ሁለት መቅደስ ነበረው። ለዚህ ሹመት የሚመረጠው በዘሩ ሳይሆን በጠባዩ ነው፣ ድኻ የድኻ ልጅም ቢሆን፤ የስፔኑ መነኩሴ በርናርዲኖ ዴ ሳሃጉን ከሽማግሌዎች ሰምቶ እንዲህ መዝግቧል።

ጠራቢውና ድንጋዩ

ስለ ጠራቢው ሳንናገር ብናልፍ ግፍ ነው። ብረት አያውቁም። የጋማ ከብት የላቸውም፤ የሚሸከም በሬ የለም። ያን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከተራራ ፈልፍለው፣ በገመድ እየሳቡ፣ ሐይቅ መካከል ወደ ተሠራችው ከተማ የሚያስገቡት በሰው ጉልበት ነው። የሚጠርቡት ድንጋይን በድንጋይ እየመቱ፣ በአሸዋና በውኃ እየፈተጉ ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ይቀባ ነበር። በ2006 ከታላቁ ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት የወጣው የትላልቴኩትሊ ድንጋይ 12 ቶን ያህል ሲሆን ቀዩና ቢጫው ቀለም ገና አለቀቀውም። ዛሬ ግራጫ ሆነው የምናያቸው ሁሉ በዘመናቸው በቀለም ያሸበረቁ ነበሩ።

መነኩሴው ዲዬጎ ዱራን በጻፈው ታሪክ ውስጥ ስለ አንድ ድንጋይ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። ሁለተኛው ሞክቴዙማ ከቀደሙት ሁሉ የሚበልጥ የመሥዋዕት ድንጋይ ይቀረጽልኝ ይላል። ጠራቢዎቹ ያዘጋጃሉ፣ ሕዝብ ገመድ ይዞ ይስባል። ድንጋዩ ግን አልንቀሳቀስም ይላል፤ ተናግሮም ዘመናችሁ አልቋል፣ ምን ያለፋችኋል ይላቸዋል። በመጨረሻ ድልድይ ላይ ሲደርስ ድልድዩን ሰብሮ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ቢፈለግ ከነገመዱ መጀመሪያ ከነበረበት ቦታ ተመልሶ ይገኛል። ታሪኩ የተጻፈው ከተማዋ ከወደቀች በኋላ ስለ ሆነ፣ ትንቢቱ ከነገሩ በኋላ የመጣ መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም ሕዝቡ የሚመጣውን ጥፋት የሚናገር አፍ ሲፈልግ ለካህኑም ለንጉሡም አልሰጠውም፤ ለድንጋዩ ሰጠው።

ድንጋይም ይዋሻል

እዚህ ላይ ካህናቱን እንደ ቅዱሳን አድርገን እንዳናልፍ። ካልሜካክ የሹማምንትም ትምህርት ቤት ነበር፤ ቤተ መቅደስና ቤተ መንግሥት አንድ ጎጆ ናቸው። ንጉሥ ኢትዝኮአትል (ከ1427 እስከ 1440 የነገሠው) የጥንቱን የታሪክ መጻሕፍት አስቃጥሏል፤ ምክንያቱም ሕዝብ ሁሉ ሊያውቃቸው አይገባም፣ ሐሰትም አለባቸው ተብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ታሪክ የአሸናፊው ታሪክ ሆነ፤ በድንጋይ የሚቀረጸውም እርሱው።

የቲዞክን ድንጋይ እንውሰድ። ቲዞክ ከ1481 እስከ 1486 ብቻ ነገሠ፤ በጦር ሜዳም የሚያስመሰግን ነገር አልሠራም። በስሙ በተቀረጸው ክብ ድንጋይ ዙሪያ ግን 15 ድሎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አሸናፊ የአንዱን አገር ሰው ጠጉር ይዞ ይማርካል። ብዙዎቹን አገሮች የያዙት ከእርሱ በፊት የነበሩ ነገሥታት ናቸው። ድንጋይ ጠንካራ ነው ማለት እውነተኛ ነው ማለት አይደለም።

ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1978 የመብራት ሠራተኞች በሜክሲኮ ከተማ መሐል ሲቆፍሩ ያገኙት ድንጋይ ደግሞ ይበልጥ ይናገራል። ከ3 ሜትር በላይ ወርድ ባለው ክብ ድንጋይ ላይ እጅና እግሯ፣ ራሷም የተቆራረጠ ሴት ተቀርጻለች፤ ኮዮልሻውኪ ናት። በአፈ ታሪኩ ኮአትሊኩዌ ስታረግዝ ልጅዋ ኮዮልሻውኪ ወንድሞችዋን አስተባብራ እናቷን ልትገድል ተነሣች፤ ዊትዚሎፖችትሊ ግን እንደ ታጠቀ ተወልዶ እኅቱን ቆራርጦ ከተራራው ጣላት። ድንጋዩ የተገኘው በዊትዚሎፖችትሊ መቅደስ ደረጃ ግርጌ ነው። ቤተ መቅደሱ ተራራው ነው፤ ከላይ የተሠዋው ምርኮኛ ሬሳ በደረጃው ተንከባልሎ እርስዋ ላይ ይወድቃል። ይህን የሚያይ የተገበረ አገር መልእክተኛ አስተርጓሚ አያስፈልገውም፤ በአምላካችን ላይ የተነሣ መጨረሻው ይኸው ነው። እምነቱ እውነተኛ ነበር፤ ማስፈራሪያውም እውነተኛ ነበር።

ደሙንም መካድ አይቻልም። በ1487 ቤተ መቅደሱ ሲመረቅ 80,400 ሰው ተሠዋ የሚለው የዱራን ቁጥር እጅግ የተጋነነ መሆኑን የዛሬ ሊቃውንት ይናገራሉ። ነገር ግን በ2015 ከካቴድራሉ ኋላ በተገኘው የራስ ቅል ማማ እስከ 2020 ድረስ 603 የራስ ቅሎች ተቆጥረዋል፤ የወንድ ብቻ ሳይሆን የሴትና የሕፃንም ጭምር። ቁጥሩ ስለ ተጋነነ ነገሩ ተረት ነው የሚለውን እነዚህ አጥንቶች ዝም ያሰኙታል።

አንባቢው ሲጠፋ

ከ1521 በኋላ ቤተ መቅደሶቹ ፈረሱ፤ መጻሕፍቱ ተቃጠሉ፤ ካህናቱ ተገደሉ ወይም ተበተኑ፤ ካልሜካክ ተዘጋ። ድንጋዩ እየተሰበረ ለቤተ ክርስቲያን መሠረትና ምሰሶ ሆነ። ጠራቢዎቹ እነዚያው የአገሬው ሰዎች ናቸው። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ የምሰሶ እግር አለ፤ ከላይ ሲታይ የስፔን ሥራ ነው፣ ከታቹ ግን የትላልቴኩትሊ ፊት እንዳለ አለ፤ መሬት መሬቱን እያየ። ጠራቢው ይህን ያደረገው አውቆ ይሁን ድንጋዩ እንዲያ ስለ ተመቸው፣ የማይታየው ጎን እንደገና በቦታው ዐረፈ።

ድንጋዩን ማንበብ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕውቀቱ በካልሜካክ ግንብ ውስጥ ታጥሮ የኖረ ስለ ነበር፣ ግንቡ ሲፈርስ አብሮ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ያተረፉት ማን ናቸው? ተማሪዎች! በ1536 ትላቴሎልኮ ላይ ለአገሬው ልጆች ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር፤ ላቲንም ስፓኒሽም ተማሩ። ሳሃጉን እነዚህን የቀድሞ ተማሪዎቹን፣ እነ አንቶኒዮ ቫሌሪያኖን፣ እነ ማርቲን ሐኮቢታን፣ ይዞ ከሽማግሌ ሽማግሌ እየዞረ ጠየቀ፤ አማልክቱን፣ በዓላቱን፣ የካህናቱን ሹመት፣ የጠራቢውን ሙያ ሳይቀር። የሳሃጉን ዓላማ የአሮጌውን እምነት በሽታ አውቆ መንቀል ነበር። በናዋትል ቋንቋ የጻፉት እጆች ግን የልጆቹ ናቸው፤ የተጻፈውም የአባቶቻቸው ነገር። በ1576 ወረርሽኝ ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ እንኳ ሥራው አልቆመም። 12 መጻሕፍት ያሉት ጽሑፍ በ1577 አለቀ። በዚያው ዓመት የስፔን ንጉሥ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ እንዲሰበሰብና በማንም ቋንቋ ስለ ሕንዶቹ አሮጌ ሥርዓት እንዳይጻፍ አዘዘ። አንዱ ቅጂ ግን ተርፎ ዛሬ ፍሎረንስ ከተማ በቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

እንግዲህ ሁለቱን የትምህርት ቤት ታሪኮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንዱ ተማሪ እንዳያይ ድንጋዩን ቀበረ። ሌላው፣ በሌላ ዓላማ የተቋቋመ ቢሆንም፣ ተማሪዎቹ ሽማግሌዎችን ጠይቀው እንዲጽፉ ዕድል ሰጠ። ካህናቱ ዕውቀታቸውን ለጥቂቶች ብቻ አድርገው ነበር፤ ኢትዝኮአትል ሕዝቡ እንዳያውቅ መጽሐፍ አቃጠለ፤ ስፔኖች ደግሞ በተራቸው አቃጠሉ፤ ፕሮፌሰሮቹም ቀበሩ። በየዘመኑ ምክንያቱ ሌላ ሌላ ነው፤ ውጤቱ አንድ ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል ያመለጠው ከግንቡ ውጭ የወጣው ብቻ ነው። ሻማና አበባ ይዘው በድብቅ የመጡት ሰዎች የድንጋዩን ምልክት ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ግን የማን እንደ ሆነ አልጠፋቸውም።

ዛሬ ኮአትሊኩዌ በሜክሲኮ ከተማ፣ በ1964 በተከፈተው ብሔራዊ የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም ቆማለች። ተማሪ ሁሉ ደብተሩን ይዞ ይዞራታል። እባቦቹን፣ እጆቹን፣ ልቦቹን፣ የራስ ቅሉን ይቆጥራል፤ የእያንዳንዱንም ትርጉም ብዙውን ከትላቴሎልኮ ልጆች ጽሑፍ ያገኘዋል። የእግሯ ሥር ግን ለተመልካች አልተሠራም፤ አሁንም ወደ መሬት ዞሯል።